ወደ ታች የሚቆጠር ጠጠር

ስሙን የማንጠራው አንድ አገር ነበረ። የማንጠራው ረስተነው አይደለም፤ ስሙ ሲጠራ የሚቆጡ ሰዎች ዛሬም ስላሉ ነው። እናም አገሩን አገሩ እንበለው፤ ንጉሡንም ንጉሡ። ለሚሰማ ይኸው ይበቃዋል።

በዚያ አገር ዋና ከተማ፣ ከቤተ መንግሥቱ ጎን፣ የምድር አዳራሽ የሚባል ቤት ነበረ። ጣሪያው እጅግ ከፍ ያለ፣ ግድግዳው መስኮት የሌለው፣ ብርሃን ከጉልላቱ ቀዳዳ ብቻ የሚወርድበት ቤት ነው። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር በእኩል አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ጥቁር ድንጋይ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ አራት ማዕዘን መሐል አንዲት ጽዋ ተፈልፍላለች። አንዱ አራት ማዕዘን በውጭ ባለው ዓለም አንድ ቁራጭ መሬት ነው፤ ሰው በጠዋት ተነሥቶ ዞሮት ለምሳ ቤቱ የሚደርስበት ያህል። በጽዋዋ ውስጥ ያሉት ጠጠሮች ደግሞ ያ መሬት ከባሕሩ አፍ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ይናገራሉ። አንድ ጠጠር የአንድ ትልቅ ዋርካ ቁመት ነው። ለቆላው ጥቂት ጠጠር፣ ለደጋው ብዙ ጠጠር። ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ብርሃኗ በቀዳዳው ሲወርድ ጠጠሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ያበራሉ፤ ተራራው፣ ሸለቆው፣ ወንዙ የሚወርድበት መንገድ፣ ሁሉም ከንጉሡ ሰገነት ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ያን ያየ ሰው ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

አዳራሹ ሕግ ነበረው። ጽዋዎቹ ሁሉ አንድ ልክ ናቸው፤ አንዷ ብትሰፋ አራት ማዕዘኗ ይፈርሳል፣ እሱ ሲፈርስ ጎረቤቱ ይፈርሳል፣ እንዲህ እያለ አገሩ በሙሉ ይፈርሳል ይባል ነበር። ጽዋ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ጠጠር ትይዛለች፤ ከዚያ በላይ አንድም አትጨምርም። ለምን ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም። ጠጠር አይከፈልም። የአንድ ቦታ ከፍታ ሦስት ጠጠር ተኩል ሆኖ ሲገኝ የጎዶሎ ዳኛ የሚባል ሹም ካባውን ለብሶ ይመጣና፣ ተኩሏን ሰምቶ፣ አዝኖላት፣ ይጥላታል። ዳኛው በዘመኑ ሁሉ አንዲት ተኩል እንኳ አልማረም።

ደግሞ ገልባጩ የሚባል ሹም ነበረ። የአንድ ቦታ ከፍታ ጽዋዋን ሞልቶ ሲያልፍ ገልባጩ ጽዋዋን ባዶ ያደርግና የተረፈውን ብቻ ይጨምርባታል። በዚህ የተነሣ ጉም ራስ የሚባለው፣ ከአገሩ ሁሉ ከፍ ያለው ተራራ፣ በአዳራሹ ውስጥ አራት ጠጠር ብቻ ይዞ ይኖር ነበር። አራት ጠጠር ያለው ቦታ በሕጉ ቆላ ነው። ስለዚህ የጉም ራስ ሰዎች በየዓመቱ ከቤተ መንግሥት የሙዝ ችግኝና የወባ አጎበር ይላክላቸዋል። ሙዙን በበረዶው መሐል ይተክሉታል፤ ሲደርቅ ይነቅሉታል። አጎበሩን ግን እየደራረቡ ሰፍተው ብርድ ልብስ ያደርጉት ነበርና ስለ አጎበሩ ንጉሡን ይመርቃሉ።

የአዳራሹ አፈ ጽዋ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ንጉሡ ከሰገነቱ ጣቱን ሲቀስር ወደተቀሰረችው ጽዋ የምትሄድ፣ ተንበርክካ ጠጠሩን በጣቶቿ ጫፍ የምትቆጥር፣ የጽዋዋንም ቃል ጮክ ብላ የምትናገር ሹም ናት። አፈ ጽዋ ያለችው ጽዋዋ ያለችው ነው፤ ይግባኝ የለውም። አንጓች ሹመቱን የወደደችው ለክብሩ አልነበረም። አዳራሹን ትፈራውና ትወደው ነበር፤ ሰው የቤተ መቅደስን ውስጥ እንደሚፈራውና እንደሚወደው። አንዲት ጽዋ ፊት በተንበረከከች ቁጥር በውስጧ ያሉት መንደሮች፣ ማሳዎች፣ ሰዎች በጣቷ ጫፍ የሚሰሟት ይመስላት ነበር።

ባዶ ጽዋ ሲያጋጥማት የምትለው አንድ ቃል ነበር፦ «የለም።» በጥንት ጊዜ ባዶ ጽዋ ማለት መሬቱ ከባሕሩ አፍ እኩል ነው ማለት ይሁን፣ ወይስ ገና አልተለካም ማለት፣ ወይስ ከነጭራሹ መሬት የለም ማለት፣ ሊቃውንቱ ተከራክረውበት ነበር አሉ። በመጨረሻ ሦስት ቃል የንጉሡን ጆሮ ያደክማል ተብሎ ለሦስቱም አንድ ቃል ተወሰነ።

አንድ ዓመት ክረምቱ አልወጣ አለ። ከዋና ከተማው በላይ ያለው ሐይቅ ሞልቶ ግድቡን ይልስ ጀመር። ሰዉ ዕቃውን እየሸከፈ ኮረብታ ለኮረብታ ሲሆን ንጉሡ ሹማምንቱን ሰብስቦ ወደ ሰገነቱ ወጣ።

«ውሃውን ወዴት ልልቀቀው?» አለ።

በምዕራብ በኩል ገደል ነበረ፤ ነገር ግን ገደሉ የሚያደርሰው ነገሥታቱ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ወደሚያድኑበት ጫካ ነው። ያን ያነሣ ሹም አልነበረም። ንጉሡ ጣቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዳራሹ ሩቅ ጥግ ቀሰረ። አንጓች በጽዋዎቹ መሐል በጠባቡ መተላለፊያ ሄደች። ተንበረከከች። እጇን ሰደደች።

«የለም» አለች።

ንጉሡ ጣቱን ወደሚቀጥለው ቀሰረ። «የለም።» ወደሚቀጥለውም። ያ ጥግ በሙሉ ባዶ ነበር፤ ብርሃኑ ሲወርድበት እንኳ የሚያበራ ነገር አልነበረውም።

«ምንም በሌለበት ቦታ ውሃ ቢሄድ ማን ይከፋዋል?» አለ ንጉሡ። ሹማምንቱ እጅ ነሡ። ግድቡ በምሥራቅ በኩል እንዲቆረጥ፣ ቀኑም ጠጠሮቹ በሚታጠቡበት በዓል ዋዜማ እንዲሆን ተወሰነ። ሥራው ይርጉ ለሚባል የውሃ መሐንዲስ ተሰጠ።

እንግዲህ አንድ የቆየ ወግ ነበረ። በአፈ ጽዋ ቃል መሬት የሚነካ ሥራ ሲታዘዝ አፈ ጽዋዋ አስቀድማ ሄዳ ቦታውን በእግሯ ትረግጣለች። ከአንጓች በፊት የነበሩት አፈ ጽዋዎች ግን መንገዱ ስለሚረዝምባቸው ጫማቸውን በበቅሎ ጭነው ይልኩት ነበር። ጫማው ሄዶ ከተመለሰ እግሩ እንደሄደ ይቆጠራል። አንጓችም ጫማዋን አውልቃ ለሎሌው ልትሰጥ ስትል እጇ አልታዘዝ አላት።

የአዳራሹ የበላይ፣ ሊቀ ጽዋ ዘርጋው፣ አይቷት ነበር። እሷን ቆጠራ ያስተማራት እሱ ነው። «ምን ሆነሻል?» አላት።

«ጋሼ፣ ‹የለም›ን አይቼው አላውቅም። በሕይወቴ ስንቴ ብዬዋለሁ፤ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም። አንዴ ልየው።»

ዘርጋው ሳቀ። «ምን ይታያል ብለሽ ነው? የሌለ ነገር እኮ ነው። እንግዲህ ከሄድሽ ደግሞ ደርበሽ ልበሺ፤ የሌለ ቦታ ይበርድ ይሆናል።»

የውሃውን መንገድ ሊያዩ ከሚሄዱት ከይርጉና ከሠራተኞቹ ጋር ወረደች። ከደጋው ወይና ደጋ፣ ከወይና ደጋው ቆላ፤ በየደረሰችበት የጽዋዋን ጠጠር በልቧ ትቆጥራለች፤ ሃምሳ፣ ሠላሳ፣ አሥር። ጠጠሩ እያነሰ አየሩ እየከበደ ሄደ። የደረበችውን ሁሉ አውልቃ በቅሎ ላይ ጫነች። በመጨረሻ አንድ ጠፍጣፋ ሸንተረር ላይ ደረሱ። በሸንተረሩ ጫፍ የድሮ ለኪዎች የተከሉት የድንጋይ ምሰሶ ቆሟል፤ በላዩም «ጠጠር እዚህ አለቀ» የሚል ተቀርጾበታል።

አንጓች ምሰሶውን አልፋ ወደ ጫፉ ቀረበች፤ ከዚያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሰች።

ምድሩ አላለቀም ነበር። ከእግሯ ሥር ይወርድ ነበር። ደረጃ በደረጃ፣ ቀይ ገደል ከቀይ ገደል ሥር፣ ዓይን እስኪታክተው ድረስ ይወርድና፣ ከታች፣ ሩቅ ከታች፣ ሰማይ ወድቆ የተሰበረ የሚመስል ነጭ ሜዳ ተዘርግቶ ያበራል። በሜዳው ላይ ቢጫና አረንጓዴ ምንጮች ይፈላሉ፤ እንፋሎታቸው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ አሞሮች ከእሷ እግር በታች ይበራሉ። ጀርባቸውን ነበር የምታየው። አንጓች የአሞራን ጀርባ በፀሐይ አይታ አታውቅም ነበር። በአዳራሹ እንደለመደችው ተንበረከከች፤ አሁን ግን የሚቆጠር ነገር ከፊቷ አልነበረም።

«ይርጉ፣» አለች፣ «ይሄ ምንድን ነው?»

ይርጉ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔ እንጃ፣ እመቤቴ፣» አለ። «ብቻ የለም አይባልም።»

ጭስ ያየችው ያኔ ነው። የምንጭ እንፋሎት ሳይሆን ከጓዳ የሚወጣ ጭስ።

ስትወርድ ምሽቱ ደረሰ። ከነጩ ሜዳ ዳር፣ ከጨው ጡብ በተሠሩ ቤቶች፣ ቴምር ባጠላባቸው ግቢዎች የሚኖር አንድ ሕዝብ አገኘች። ልጆች አሉት፤ ግመሎች አሉት፤ ሙታኑን የሚቀብርበት ቦታ አለው። የአገሩ አድባር፣ ጉድጓዶቹን የምታከፋፍለው፣ የተጣላ የምታስታርቀው፣ ኑሪት የምትባል ጎልማሳ ሴት ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ወግ ነውና መጀመሪያ ውሃ ሰጠቻት፤ ከጠጣች በኋላ ጠየቀቻት።

«ከየት ነሽ?»

«ከላይ።»

«እኛ ዘንድ ሁሉም ከላይ ነው የሚመጣው» አለች ኑሪት። «ከላይ ከየት?»

አንጓች ስለ አዳራሹ ነገረቻት፤ ስለ ጽዋዎቹ፣ ስለ ጠጠሩ።

«ለኪዎቹ በአባቴ ዘመን መጥተው ነበር» አለች ኑሪት። «ገመድ ይዘው። ከሸንተረሩ ላይ ገመዱን ወደ እኛ ሲለቁት አባቴ ጫፉን ይዞላቸው ነበር። ከዚያ እርስ በርሳቸው ሲጨቃጨቁ ሰማ። ‹ወደ ታች የሚቆጠር ጠጠር የለንም› ተባባሉ። ገመዳቸውን ጠቅልለው ሄዱ። አባቴ ይመለሳሉ ብሎ ብዙ ጠበቀ። እና፣ ምን አሉ ስለ እኛ?»

«ምንም አላሉም። ጽዋዋን ባዶ ተዉአት።»

«ባዶ ስትሆን አንቺ ምን ትያለሽ?»

አንጓች ዘወር ብላ አየች። በዙሪያቸው ሰዉ ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ አንዲት እናት ሕፃኗን ታጠባለች፤ አንድ ሽማግሌ በተቀመጠበት አንቀላፍቷል።

«የለም እላለሁ» አለች በመጨረሻ።

ኑሪት አልተቆጣችም። ይልቅ ሻርፗን አስተካክላ ሰዉን ዘወር ብላ አየችው፤ ሁሉም መኖሩን እንደምታረጋግጥ ያህል።

ያኔ አንጓች የቀረውንም ነገረቻት፤ ሐይቁን፣ ግድቡን፣ የበዓሉን ዋዜማ። ሰዉ ተንሾካሾከ። አንድ ወጣት «እንሽሽ» አለ። «ወዴት?» አለችው ኑሪት። «ወደ ላይ ብንወጣ እያንዳንዱ ጽዋ የሌላ ሰው ነው።» ከዚያ ወደ አንጓች ዞረች። «እኔ ካንቺ ጋር እወጣለሁ። የለም ያላችሁትን አንዱን ይዩት።»

ሌሊቱን ሲወጡ አድረው ጠዋት ሸንተረሩ ላይ ይርጉን አገኙት። አንጓች ንጉሡን እስክታናግር ግድቡን እንዳይነካ ለመነችው።

«የንጉሥ ትእዛዝ ነው፣ እመቤቴ። ቀኑ ሲደርስ እንቢ ብል አንገቴ ነው።» ትንሽ አሰበ። «ግን ሠራተኞቼ ዝርክርክ ናቸው። አካፋ ይጠፋባቸዋል። እስኪፈለግ ድረስ ጥቂት ቀን ሊወስድ ይችላል።»

ወደ ከተማው ሲገቡ ውሃው የታችኛውን ሰፈር ደርሶበት ነበር። ሹማምንቱ በአዳራሹ ተሰበሰቡ። በኑሪት አገር አንቱታ የለም፤ ለአባትም ለአምላክም «አንተ» ነው የሚሉት። ስለዚህ ንጉሡን «አንተ፣ ደህና ነህ?» ስትለው አዳራሹ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ዋጠ። ንጉሡ ግን እንደዚያ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም ነበርና ሳያስበው «ደህና ነኝ» ብሎ መለሰ።

አንጓች ያየችውን ተናገረች። ዘርጋው ፊቱ እየጠቆረ ሰማት።

«ልጄ፣» አለ፣ «የማትለካ ምድር አየሁ ነው የምትይን?»

«የማትለካስ አይደለችም። ጽዋችን ናት የማትይዛት።»

«ታዲያ ምን ይደረግ? ጽዋዎቹ አንድ ልክ ናቸው። አንዷን ለመለወጥ ሁሉንም መለወጥ ነው። ለአንድ ጉድጓድ ሲባል የአገሩ ሁሉ ጽዋ ይሰበር?» ዘርጋው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከአንጓች ይልቅ ለረጅም ዘመን አዳራሹን የወደደ ሰው ነበረ።

ገልባጩ ብድግ አለ። «መፍትሔ አለ፣ ጃንሆይ! ምንም ሳይሰበር። ጽዋ ሞልታ ስታልፍ ወደ ባዶ ትዞራለች። እንግዲያስ ከባዶ በታች ስትወርድ ወደ ሙሉ ትዞራለች ማለት ነው፤ መንገዱ አንድ ነው። የእነዚህን ሰዎች ጽዋ እንሙላው። በሕጉ ረጅም ተራራ ይሆናሉ። ወደ ተራራ ደግሞ ውሃ አይላክም!»

ሹማምንቱ አጨበጨቡ። የጎዶሎ ዳኛው እንኳ ፈገግ አለ። ንጉሡም ራሱን ነቀነቀ። የአንጓች ልብ ዘለለ፤ ሕዝቡ በአንድ ጽዋ ሙሉ ጠጠር መዳኑ ነው። ማን ይጎዳል?

«ምን ማለታቸው ነው?» አለቻት ኑሪት።

«ተራራ ናችሁ አሉ። ውሃው አይመጣባችሁም።»

ኑሪት ወደ ንጉሡ ቀና አለች። «ስማኝ። ተራራ ካላችሁን ዘንድሮ እንተርፋለን። ለከርሞ ግን ከእኛ በላይ ሌላ ሐይቅ ታቆማላችሁ፤ ከሥሩ ያለው ተራራ ነው፣ ውሃው ወደ እነሱ አይወጣም ብላችሁ። ውሃው ጽዋ አያነብም። እኛ ዘንድ ነው የሚወርደው። ሲያልቅም የሞተው ተራራ ነው ትላላችሁ፤ ስማችንን እንኳ አታገኙትም።»

ንጉሡ ጣቱን ወደ ሩቁ ጥግ ቀሰረ።

«አፈ ጽዋ። ጽዋዋ ምን ትላለች?»

አንጓች ሄደች። ተንበረከከች። እጇን ወደ ባዶዋ ጽዋ ስትሰድ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፤ እሷ ግን ነጩን ሜዳ፣ የአሞሮቹን ጀርባ፣ የሕፃኑን እናት ነበር የምታየው። የምትለው አንድ ቃል እንደነበራት ሁሉም ያውቃል። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። ሌላ ቃል ወጣ።

«ጃንሆይ፣ ጽዋዋ ‹አልችልም› ትላለች።»

«ምን?»

«የለም አላለችም። አልችልም ነው ያለችው።»

ዘርጋው ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ንጉሡ ግን ከዙፋኑ ተነሣ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ከሰገነቱ በመሰላሉ ወረደ። የትኛውም ንጉሥ ያንን ወለል ረግጦት አያውቅም። ከላይ ሲያየው የኖረውን አገር አሁን በመሐሉ እየሄደበት፣ ጠጠር እንዳይበትን እግሩን እየመጠነ፣ ወደ አንጓች መጣ። ጎንበስ ብሎ እጁን በባዶዋ ጽዋ ውስጥ ከተተ። እስከ አንጓው ገባ። እዚያው ቆየ።

«እስከ ዛሬ ስንቴ የለም ብለሽኛል?» አላት ቀስ ብሎ።

«ባዶ ባገኘሁ ቁጥር፣ ጃንሆይ።»

ንጉሡ ቀና ሲል ሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ውሃው በምዕራቡ ገደል ይሂድ» አለ። «ጫካው ይስጠም።» ሹሙ ሁሉ ተንጫጫ፤ መልእክተኛ ግን በፈረስ ወጣ፤ ይርጉም እንደ ዕድል ሆኖ አካፋው ገና አልተገኘለትም ነበር። ውሃው በምዕራብ ወረደ፤ የነገሥታቱ ጫካ እስከ ዛፎቹ ጫፍ ድረስ ሐይቅ ሆነ፤ ከተማውም ቆላውም ተረፈ።

ቀጥሎ ንጉሡ ወለሉ እንዲነሣ አዘዘ። ዘርጋው እግሩ ላይ ወደቀ። «ጃንሆይ፣ ሕጉ አንድ ልክ ይሁኑ ይላል!»

«አንድ ልክ ይሁኑ» አለ ንጉሡ። «ልኩ ግን ለሁሉም የሚበቃ ይሁን።»

የመጀመሪያውን መዶሻ ማን ያንሣ ሲባል ሽማግሌው ዘርጋው ራሱ ጠየቀ። እያለቀሰ መታው። ጠጠሮቹ ሁሉ ወጥተው በየከረጢቱ ሲቀመጡ፣ ተራራም ሸለቆም በዚያ ቤት ውስጥ ያልነበረበት ቀን ነበረ፤ የከተማው ሰው በፍርሃት በሩን ከፍቶ ውጭውን እያየ፣ ኮረብታው በቦታው መቆሙን እያረጋገጠ ይመለስ ነበር። ኮረብታው በቦታው ነበር።

አዲሶቹ ጽዋዎች ሰፊና ጥልቅ ሆኑ። ነጭ ጠጠር ወደ ላይ፣ ጥቁር ጠጠር ወደ ታች እንዲቆጠር ተደነገገ። ጠጠር ለማይሞላ ትርፍ ደቃቅ አሸዋ ተፈቀደ፤ የጎዶሎ ዳኛውም ካባውን አውልቆ አሸዋ ነፊ ሆነ፤ ሥራውን እንደወደደው ይነገራል። ጽዋዎቹ በመስፋታቸው ወለሉ በቤቱ ውስጥ አልበቃ ስላለ ግድግዳው ፈረሰ፤ ጣሪያው ተነሣ። አገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማይ በታች ተዘረጋ።

የኑሪትን ጽዋ የሞላችው ራሷ ኑሪት ናት። ጥቁር ጠጠር ከከረጢቱ እያነሣች አንድ በአንድ ስትጥል ያ ሁሉ ሕዝብ በዙሪያው ቆሞ ይሰማ ነበር። ያበቃል ሲሉ ደገመች። ያበቃል ሲሉ ደገመች። በሰዉ መሐል «ኧረ በስማም! ይሄን ያህል?» የሚል ድምፅ ተሰማ። የጉም ራስ ሰዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከፍታን የሚያውቅ ሰው ጥልቀትም ይገባዋል። በመጨረሻ አንድ ቁንጥር አሸዋ ጨመረችና እጇን አራገፈች። «ይሄ የአባቴ ግቢ ነው» አለች።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ያልተለካ መሬት ምን ይባል? ባዶ ጽዋ አሁን ከባሕሩ አፍ እኩል ማለት ብቻ ሆኗል። ዘርጋው ሲያስብ ሰንብቶ ክዳን ይዞ መጣ። «ያላወቅነውን እንክደነው» አለ። «ባዶ አንበለው፤ የለም አንበለው። ተከድኗል እንበል።» ከዚያም ለኪዎቹ ሁሉ በእውነት እንዲናገሩ ታዘዙ፤ ሄደው ያልለኩትን፣ በግምት ጠጠር የጣሉበትን፣ ከጎረቤቱ የገለበጡትን ጽዋ ሁሉ እንዲከድኑ።

ይከድኑ ጀመር። መጀመሪያ በዳር በዳር ነበር። ከዚያ ወደ መሐል ገቡ። ሲጨርሱ ንጉሡ ሊያይ መጣ። ከወለሉ የሚበልጠው ክዳን ለብሶ ነበር።

«ይሄን ሁሉ አናውቀውም?» አለ።

«አናውቀውም፣ ጃንሆይ» አለ ዘርጋው።

ንጉሡ ይቆጣል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን ነፋሱ ልብሱን እያውለበለበው፣ ክዳን ከክዳን እያየ ቆመ። ልክ አንጓች በሸንተረሩ ጫፍ ላይ እንደሆነችው ሆነ። «አገሬ ትንሽ ይመስለኝ ነበር» አለ።

አንጓች ግን ተሻረች። አፈ ጽዋ ከጽዋዋ ቃል ሌላ የራሷን ቃል ከጨመረች ትሻራለች የሚለው ሕግ አልተነሣም ነበር። ዘርጋው ጠርቷት፣ ዓይኗን ማየት እያቃተው፣ «ጽዋ አልችልም አትልም፣ ልጄ። ቃሉ ያንቺ ነበር» አላት።

«የኔ ነበር፣ ጋሼ» አለች። አልተከራከረችም።

ሁለት ከረጢት፣ አንዱን ነጭ፣ አንዱን ጥቁር፣ ገመድና ጥቂት አሸዋ ጠይቃ ተሰጣት። የአዲሱ ወለል ጠባቂዎች ያልተለካውን ምድር ሄደው ለክተው ክዳኑን ለሚያነሡ መንገደኞች ስንቅ ያዘጋጁ ነበርና እሷም ከመንገደኞቹ መሐል ተቆጠረች። መርጣ የሄደችው በሰሜን በኩል ወዳለ፣ ማንም ወደማያስታውሰው የተከደነ ጥግ ነበር። ጠዋት ተነሥታ ስትሄድ ሰነበተች። በመጨረሻ አንድ ገደላገደል አልፋ፣ ጥድ በበዛበት ቁልቁለት ላይ፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ ትንሽ የአተር ማሳ አየች። አንድ ሰውዬ ከማሳው መሐል ቀና አለ። እጁን ከዓይኑ በላይ አድርጎ አያት፤ እንግዳ የሚመጣበት መንገድ አልነበረምና ተገርሞ።

«ደህና ዋልሽ እቴ» አላት። «ማንን ፈልገሽ ነው?»

አንጓች ከረጢቶቿን መሬት ላይ አሳረፈች።

«እናንተን» አለችው።